«ያኒስ» የሚለውን ስም ያስጠለፍኩበት የመኪና ግርግር ጥልፍ ቤት

ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው፣ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የተነሣ «መኪና ግርግር» በተባለው ጠባብ መንገድ ላይ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ጥልፍ ቤት፣ ለሕፃን በተሸመነ ጋቢ ላይ ስም አስጠልፌ በቅርቡ ተረክቤአለሁ። ስሙ «ያኒስ» ነው፤ የላትቪያ ስም። ስለ ክሩ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ቀጠሮው ብቻ ጽፌ ማብቃት እችል ነበር። ነገር ግን ባለሙያው መርፌ ከመንካታቸው በፊት የስሙን ትርጉምና አመጣጥ ስለ ጠየቁኝ፣ ከዚያ በኋላ የተሠራውም ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ስለ ተነሣ፣ አገልግሎታቸውን ከስሙ ለይቼ ልመዝነው አልችልም።

የእህቴ ልጅ ለትምህርት ወደ ላትቪያ ዋና ከተማ ወደ ሪጋ ሄዳ እዚያው ትዳር መሠረተች፤ ዘንድሮም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ስሙን በስልክ ስትነግረን ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን ተሰብስበን የነበርነው ሁሉ ዝም አልን። በእኛ ዘንድ ስም የሚወጣው ትርጉሙ እየታሰበ ነው፤ የወላጅ ምኞት፣ የዘመኑ ሁኔታ፣ አንዳንዴም የቤተሰቡ ኀዘን በልጅ ስም ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ እናቴ፣ ማለትም የሕፃኑ ቅድመ አያት፣ «ትርጉሙስ? ያኒስ ምን ማለት ነው?» እያለች ያን ቀን ሙሉ ስትጠይቅ ዋለች። በማግሥቱ የእህቴ ልጅ መልሳ ደውላ «እማማ፣ ያኒስ ማለት እኮ ዮሐንስ ማለት ነው» ባለቻት ጊዜ ግን እልልታዋ ጎረቤት አስወጣ። ጋቢውን አዘጋጅቶ የመላክ ሥራ በእኔ ላይ የወደቀው በዚያው ሰዓት ነው።

ጋቢውን ያሸመንኩት ድሬዳዋ ሲሆን፣ ስሙንም መጀመሪያ የወሰድኩት እዚያው ከተማ ወደሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ጥልፍ ቤት ነበር። ለሙከራ በቁራጭ ጨርቅ ላይ እንዲሠሩልኝ ጠይቄ ስሙን በቃል ነገርኳቸው፤ ወጣቱ ሠራተኛ እንደ ሰማው በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ጽፎ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሶ ሰጠኝ። ጥልፉ በራሱ ንጹሕ ነበር፤ ዋጋውም 500 ብር ብቻ። ነገር ግን የመጀመሪያው ፊደል ስሕተት ነው፤ ላትቪያውያን የ«ይ»ን ድምፅ የሚጽፉት እኛ «ጄ» ብለን በምናውቀው ፊደል ነው። በሁለተኛው ፊደል ላይ ሊቀመጥ የሚገባው አግድም ሰረዝም አልነበረም። ፎቶውን ወደ ሪጋ በላክሁ ጊዜ የሕፃኑ አባት በትሕትና «ይህ የሌላ ሰው ስም ይመስላል» ብሎ መለሰ። ስም የተሸከመ ስጦታ እንዲህ ያለ መልስ ካስከተለ ርካሽነቱ ምንም አይጠቅምም።

ጥልፍ የሚያውቁ አንዲት ጎረቤታችን ወደ ሐረር እንድሄድ መከሩኝ። ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት በኩል 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት ተነሥቶ ከቀትር በፊት ሥራን አስረክቦ መመለስ ይቻላል። ቤቷ ሁለት ስፌት መኪና፣ አንድ ወንበርና በግድግዳው ላይ በየቀለሙ የተደረደረ ክር ከመያዝ አታልፍም። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሐረሪ ናቸው። በሐረሪ ሴቶች ሱሪ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታየውን ጥልፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሠሩ እንደ ኖሩ እጃቸውን ያየ ሰው ይረዳል። ወረቀቱን ተቀብለው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ ስም እንዴት ነው የሚጠራው? ምን ማለትስ ነው? የማላውቀውን ስም አልጠልፍም» አሉኝ።

ከእህቴ ልጅና ከባለቤቷ የሰማሁትን፣ ራሴም አንብቤ ያገኘሁትን ነገርኳቸው። ያኒስ በላትቪያ ከሁሉ ይልቅ የተለመደ የወንድ ስም ነው። ሥሩ የዕብራይስጡ «ዮሐናን» ሲሆን ትርጉሙም እግዚአብሔር ጸጋ አደረገ፣ ራራ ማለት ነው። ግሪኮች «ዮአኔስ» አሉት፤ ከእነርሱ በአንድ ወገን ወደ ግዕዝ ገብቶ «ዮሐንስ» ሲሆን፣ በሌላው ወገን በላቲንና በጀርመንኛ በኩል እስከ ባልቲክ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጀርመን ሰባኪያንና ጦረኞች ወደዚያ ምድር መጥተው ክርስትናን ሲያስፋፉ፣ በ1201 እ.ኤ.አ. ሪጋን ሲመሠርቱ፣ የቅዱሳን ስሞችም አብረው ገቡ። ኢስቶኒያውያን «ያን»፣ ሊትዌኒያውያን «ዮናስ»፣ ሩሲያውያን «ኢቫን» የሚሉት ይህንኑ ስም ነው። ላትቪያውያን ከጀርመንኛው አጭር መጠሪያ ከ«ሃንስ» የተገኘ «አንሲስ» የሚባል ሌላ ስምም አላቸው፤ ስለዚህ በአንድ ሰፈር ያሉ ያኒስና አንሲስ በሥር ሲታዩ ሞክሼዎች ናቸው።

ባለሙያው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ፈገግ ብለው «ታዲያ የእኛ ያሕያ ነዋ!» አሉ። የወንድማቸው የልጅ ልጅ ያሕያ ይባላል። እውነት ነው፤ ክርስቲያኑ መጥምቁ ዮሐንስ የሚለው ሙስሊሙ ነቢዩ ያሕያ የሚለው ነው፤ ሁለቱም የዘካርያስ ልጅ። የዓረብኛው መልክ ከዕብራይስጡ ራቅ ያለ ነው፤ ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ትርጉሙን ከሕያውነት ጋር ያገናኙታል፤ በግዕዝ «ሐይወ» ከሚለው፣ ዛሬም «ሕይወት» ብለን ከምንጠራው ሥር ጋር ማለት ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መምህራኑ ዮሐንስን «ፍሥሐ ወሐሴት» ብለው ሲፈቱት እንሰማለን። አንዱ ጸጋ፣ አንዱ ሕይወት፣ አንዱ ደስታ ሲል ሕፃኑ ግን አንድ ነው። ባለሙያው በቁርአኑ ሱረቱ መርየም ይህ ስም ከዚያ በፊት ለማንም ያልተሰጠ መሆኑ እንደ ተነገረ አስታወሱኝ። እኔም በሉቃስ ወንጌል ዘመዶቹ «ከወገንሽ በዚህ ስም የተጠራ የለም» ብለው እናቲቱን እንደ ተቃወሟት፣ አባቱም አንደበቱ ታስሮ ስለ ነበር ሰሌዳ ለምኖ ስሙን እንደ ጻፈ፣ ከጻፈም በኋላ አንደበቱ እንደ ተፈታ ነገርኳቸው። የእናቴ የመጀመሪያ ቀን ዝምታና ጥያቄ የቆየ ዘር እንዳለው የተረዳሁት እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ፊደሉ ገባን፤ የቤቷ ብልጫም በግልጽ የታየኝ እዚህ ላይ ነው። በላትቪያ ጽሕፈት በአናባቢ ላይ የሚሰመረው አግድም ሰረዝ ድምፁ መርዘሙን ያመለክታል፤ ስሙም «ያ»ው ረዘም ተደርጎ፣ ጫናውም በመጀመሪያው ቀለም ላይ አርፎ ይጠራል። በእኛ ፊደል መርዘምና ማጠር ስለማይለይ ይህን ለብዙ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ባለሙያው ግን ቁርአን ከልጅነታቸው ስለ ተማሩ ወዲያው «አሊፍ ማለት ነው፤ ያለ አሊፍ ከጻፍነው ቃሉ ይለወጣል» አሉ፤ አሊፍ በዓረብኛ የ«አ»ን ድምፅ የሚያስረዝመው ፊደል ነው። ድሬዳዋ ያለው ኮምፒውተር የሳተውን ሰረዝ እርሳቸው የያዙት በዓረብኛ ዕውቀታቸው ነው። የላትቪያ ቋንቋን መጀመሪያ በጽሑፍ ያሰፈሩት ጀርመናውያን ቀሳውስት ስለ ነበሩ፣ በድሮው አጻጻፍ ርዝመት የሚታየው እንደ ጀርመንኛው ከአናባቢው ቀጥሎ የ«ህ»ን ፊደል በመጨመር ነበር። ያን አሠራር ለውጠው ሰረዙን ካጸኑት የ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ምሁራን አንዱ የቋንቋ ሊቁ ያኒስ ኤንድዘሊንስ መሆኑ፣ ማለትም የራሱን ስም አጻጻፍ ጭምር ማስተካከሉ፣ ለእኔ ከሰማሁት ሁሉ ደስ የሚል ነበር።

ስለ መጨረሻዋ «ስ»ም ተነጋገርን። ለቦታ ጥበት ሲሉ ሊያስቀሯት ይችሉ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ «ያኒ» ብቻ ቢሆን ለዓይን ይበልጥ ይስተካከላል ብለው ነበር። «ስ»ዋ ግን ተራ ጭማሪ አይደለችም። በላትቪያ ቋንቋ የወንድ ስም የዐረፍተ ነገር ባለቤት ሆኖ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ በ«ስ» ይጨርሳል፤ የውጭ አገር ሰው ስም እንኳ ወደ ቋንቋቸው ሲገባ ይህችኑ ፊደል ይጨምሩለታል። «ለያኒስ» ለማለት «ያኒም» ይላሉ፤ ልጁን ሲጠሩት ደግሞ «ስ»ዋ ትወድቅና «ያኒ!» ይሆናል፤ ሲያቆላምጡት «ያኒቲስ» ይሉታል፤ እኛ «ዮሐንስዬ» ወይም «ዮሐ» እንደምንለው ያህል። በልብስ ላይ የሚጻፈው ስም የባለቤቱ ስም ስለሆነ ሙሉው መሆን አለበት ስላቸው ያለ ክርክር ተቀበሉ፤ ፊደሎቹንም ጠበብ አድርገው እንደገና በኖራ ነደፏቸው።

በስሙ ዙሪያ ምን እንጥለፍ የሚለው ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ወስዷል፤ መውሰዱም ተገቢ ነበር፤ ምክንያቱም ያኒስ የሰው ስም ብቻ ሳይሆን የበዓልም ስም ነው። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን፣ በእኛ ሰኔ 17 ቀን የሚውለው የላትቪያ ትልቁ የበጋ በዓል «ያኚ» ይባላል፤ ቃሉ የስሙ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ያኒሶች» እንደ ማለት ነው። በዓሉ ከክርስትና በፊት የነበረ የረጅሙ ቀን በዓል ሲሆን ስሙ ግን ከመጥምቁ ልደት ጋር መጣ። በዚያ ወቅት በሪጋ ቀኑ 18 ሰዓት ያህል ይረዝማል፤ በዋዜማው ምሽት እሳት ይነድዳል፣ እስከ ንጋትም እንዲቆይ ይደረጋል፤ ሰዎች በእሳቱ ላይ ይዘላሉ፤ «ሊጎ» የሚል አዝማች ያላቸው መዝሙሮች ይዘመራሉ። ሴቶች የአበባ፣ ወንዶች የባሉጥ ዛፍ ቅጠል አክሊል ይደፋሉ። ቢራ ይጠመቃል፤ ከሙን የሚመስል ቅመም የገባበት ክብ አይብ ይዘጋጃል። በመዝሙሮቹ ውስጥ ያኒስ በፈረስ የሚመጣ የተከበረ እንግዳ ነው፤ የቤቱ አባወራ «የያኒስ አባት»፣ እመቤቲቱ «የያኒስ እናት»፣ የተሰበሰቡት ሁሉ «የያኒስ ልጆች» ይባላሉ። ላትቪያውያን በቀን መቁጠሪያቸው ላይ ለእያንዳንዱ ቀን ስሞች ስላሏቸው፣ በዚያች ቀን በአገሪቱ ያሉ ያኒሶች ሁሉ በአንድነት የስማቸውን ቀን ያከብራሉ። በስም ቀን እንግዳ የሚመጣው ሳይጠራ ነው ይላሉ፤ እኛም ቤት ዝክር ላለበት ቀን ማን ጥሪ ይጠብቃል?

ይህን ስናገር እኔም ባለሙያውም ወደ አንድ ሐሳብ ደረስን። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጥምቁን ልደት የምታከብረው ሰኔ 30 ቀን ነው። ሰኔ 30 በአሮጌው የዩልየስ አቆጣጠር ሰኔ 24 ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ በዓላት በመሠረቱ አንድ ቀን ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው የ13 ቀን ርቀት በ1582 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያመጣው ነው። የዘመን መለወጫችንን መስከረም 1 ቀንንም «ቅዱስ ዮሐንስ» ብለን እንጠራዋለን፤ በዋዜማው ችቦ እናበራለን፤ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው ይዘምራሉ። እነርሱ ብርሃኑ ከሚጎድልበት ጫፍ ላይ ሆነው፣ እኛ ክረምቱ አልፎ ብርሃን ከሚመለስበት ጫፍ ላይ ሆነን፣ በአንድ ሰው ስም እሳት አቀጣጥለን አበባ እንይዛለን። ስለዚህ በጋቢው አንድ ጫፍ ላይ በላትቪያ ፊደል ያኒስ ተብሎ የባሉጥ ቅጠል እንዲከበው፣ በሌላው ጫፍ በእኛ ፊደል ዮሐንስ ተብሎ አደይ አበባ እንዲከበው ተስማማን። ይህን ያቀረቡት እርሳቸው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሥራው ሲጠናቀቅ የተመለከትኩትን በሐቀኝነት ልናገር። የላትቪያው ስም በጥቁር ቀይ ክር፣ በባንዲራቸው ቀለም፣ ተጠልፏል፤ የክሩ አደራደር ጥብቅና እኩል ነው፤ ሰረዙ ከፊደሉ ሳይነካካ በትክክለኛው ቦታ ተቀምጧል። «ዮሐንስ» በአረንጓዴ ሲሆን የ«ሐ» ሦስት እግሮች በተለይ አምረዋል። አደይ አበባው ሕያው ይመስላል። የባሉጡ ቅጠል ግን ደካማው ክፍል ነው፤ ከስልኬ ፎቶ ያዩትን ጠርዙ የተወዛወዘ ቅጠል በመጀመሪያ እንደ ወይራ ቅጠል ቀጥ አድርገው ሠርተውት ነበር። ስነግራቸው ፈትተው ደገሙት፤ የተፈታው ክር ያለፈባቸው ቀዳዳዎች ጨርቁን ወደ ብርሃን ሲያነሡት እስከ አሁን ይታያሉ። በተገላቢጦሹ በኩል የቀረው ደረቅ መደገፊያ ጨርቅ ለሕፃን ቆዳ ይሻክር ስለ ነበር በስስ ጥጥ እንዲሸፍኑልኝ ጠየቅሁ፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሸፈኑልኝ፤ ነገር ግን ለሕፃን መሆኑን ከመጀመሪያው ስላወቁ ሳልጠይቅ ሊያደርጉት ይገባ ነበር።

ዋጋው 2,400 ብር ነው፤ ለሁለቱ ስሞች 1,800፣ ለቅጠሉና ለአበባው 600። ግማሹ በቅድሚያ ይከፈላል፤ ደረሰኝ የሚሰጡት በእጅ ጽሑፍ ነው። ከድሬዳዋው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው፤ ለእጁ ጥራትና ለተሰጠኝ ሰዓት ግን አልበዛም እላለሁ። ቅሬታዬ ቀጠሮው ላይ ነው። በአራት ቀን ይደርሳል ተብዬ የተረከብኩት በ11ኛው ቀን ነው፤ ስልክ ደውለው ይዘገያል አላሉኝም፤ ከድሬዳዋ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንዱ ጉዞ ቤቷ ተዘግታ ያገኘሁበት ነበር። የጉዞ ወጪዬ ሲደመር የጥልፉን ዋጋ ግማሽ ያህላል። እንደ እኔ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ስልካቸውን ተቀብሎ፣ ከመነሣቱ በፊት ደውሎ ካላረጋገጠ እንዳይነሣ እመክራለሁ።

ከመላኬ በፊት ቤት ውስጥ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና በእጅ አጠብኩት። አረንጓዴውና ቢጫው አልለቀቁም፤ ቀዩ ክር ግን በመጨረሻዋ ፊደል ዙሪያ ሐምራዊ ጥላ ተወ፤ በሁለተኛው አጠባ ጠፋ። በነጭ ጋቢ ላይ ቀይ የሚያስጠልፍ ሰው ክሩ አስቀድሞ ተዘፍዝፎ እንዲደርቅ ቢጠይቅ መልካም ነው። ጋቢው ወደ ሪጋ ከሚሄድ የምናውቀው ሰው ጋር ተልኮ ደርሷል። የሕፃኑ አባት ፎቶውን እንዳየ በመጀመሪያ የተናገረው ስለ ሰረዙ ነበር።

እናቴ አሁን ስሙን ከእኔ በተሻለ ትጠራዋለች፤ በስልክ «ያኒ!» ስትል ሕፃኑ ወደ ድምፁ ይዞራል። ስለዚህ ለሰኔ 17፣ ለመጀመሪያው የስሙ ቀን፣ ለእዚያችው ጥልፍ ቤት ሁለተኛ ትዕዛዝ ሰጥቻለሁ፤ ትንሽ የትራስ ልብስ ነው። በዚህኛው ላይ «ስ»ዋ አትኖርም፤ ለመጥሪያ ስለሆነ። ባለሙያው ትዕዛዙን በደብተራቸው ሲመዘግቡ የቀረችውን ፊደል አስተውለው ምክንያቱን ራሳቸው ነገሩኝ።